ሚስማሩ ጭቃ ላይ ነበር

ግድግዳ በጣት አንጓ ሲንኳኳ የሚሰማውን ድምፅ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ልጄ ቦንጋ ውስጥ በተከራየችው ቤት፣ ሳሎኑን ከማድቤቱ በሚለየው ግድግዳ ፊት ቁም ሣጥን ሊሰቅል የመጣ ግርማ የሚባል የጂብሰም ባለሙያ ቆሞ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ኳ ኳ ኳ እያደረገ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ድምፁ የባዶ ጀሪካን ድምፅ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ድፍን አለ። «እዚህ ጋ ብረት አለ እትዬ» አለኝ። እኔ ቆሜ ልሰማው አልቻልኩም። የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ልብስ የማጥፍ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ፊቴ ሲለዋወጥ ሰው እንዲያየኝ አልወድም።

ያደግሁበት ቤት ከገበያው በላይ ካለው ዳገት ላይ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ። ስለ አባቴ ብዙ አልናገርም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ ቀበቶውን ከሱሪው ለማውጣት የማይከብደው ሰው ነበር፣ ይበቃል። እናቴ የሞተችው እኔ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። አርባዋ እንደወጣ የአባቴ እህት የሺ ከጅማ መጥታ በእናቴ አልጋ ተኛች፣ በእናቴ ወንበር ተቀመጠች፣ የእናቴን ቁልፎች ወገቧ ላይ አሰረች። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ደግ አክስት አገኘሽ» ይለኝ ነበር። አሳደገችኝ፣ አልክድም፤ ነገር ግን ያሳደገ ሰው ሁሉ ምስጋና ብቻ የሚገባው ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

በዚያ ዘመን ክረምት ማለት ግድግዳችን የሚራቆትበት ወቅት ነበር። ቦንጋ ላይ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ለማባራት አይቸኩልም፣ ነፋሱም ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይመጣ ስለነበር፣ በዚያ በኩል ያለው ጭቃ እየራሰ፣ እየተሸረፈ፣ ነሐሴ ሲጋመስ ቋሚውና ማገሩ እንደ ከሳ ከብት ጎድን ይቆጠር ነበር። እኔ ከውስጥ ተኝቼ በስንጥቁ የሚገባውን ብርሃን እያየሁ፣ የትኛው እንጨት ከየትኛው እንደሚወፍር በቃሌ አውቅ ነበር። አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት ግን ዝናቡ አንዱን ጎን ጨርሶ አወረደው፣ አባቴም ለመስቀል ሳይደርስ ቤቱ ከውስጥም ከውጭም እንደገና እንዲመረግ ወሰነ። የተጠሩት እማማ አየለች ነበሩ።

እማማ እላለሁ፣ አንቱ እላለሁ፤ ያኔ ግን እንዲህ አልልም ነበር። የከፋ ተወላጅ ነበሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቤት በመመረግ የሚተዳደሩ፤ ዕድሜያቸው ከአክስቴ ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን «እማማ» ብዬ ስጠራቸው አክስቴ ጠርታ ቆነጠጠችኝና፣ ጭቃ ለሚረግጥ ሰው እማማ እንደማይባል፣ ስሟን ብጠራ እንደሚበቃ ነገረችኝ። እኔም የአሥር ዓመት ልጅ፣ «አየለች፣ ነይ ቡናሽን ጠጪ» እያልኩ እጠራቸው ጀመር። እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ይመጡ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ለእሳቸው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለነበር፣ ንግግራቸውን እየቀዳሁ እራት ላይ አክስቴን አስቃት ነበር። አክስቴ የምትስቅልኝ በዚያ ብቻ ነበር።

ሥራቸውን ግን ቆሜ ከማየት አልቦዝንም ነበር። ከቤታችን ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አፈርና ጭድ በውኃ ለውሰው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ይረግጡና፣ ዝናብ እንዳይገባበት በኮባ ቅጠል ሸፍነው እንዲቦካ ለሳምንት ይተዉት ነበር። ሲከፈት የሚወጣው የኮመጠጠ ሽታ ግቢውን ይሞላው ነበር፤ አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ስታልፍ፣ እሳቸው ግን በጣታቸው ቆንጠር አድርገው አሽትተው «ደርሷል» ይሉ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያውን ምርጊት እየወረወሩ በማገሩ መካከል ያስገቡታል፣ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛውን በስሱ ይደርቡበታል፣ በመጨረሻም በእርጥብ መዳፋቸው እያሻሹ ያለሰልሱታል።

ሌላ ቤት ላይ አይቼው የማላውቀውን አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። ሁለተኛው ምርጊት ገና እርጥብ ሳለ፣ በግንባራቸው ትክክል ከፍታ ላይ፣ ከጀርባው ቋሚ እንጨት ባለበት ቦታ ሁሉ አውራ ጣታቸውን ጠልቆ እስኪገባ ይጫኑት ነበር። ወፍራም ቋሚ ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ቀጭን ከሆነ አንድ ጊዜ፣ ማገር ብቻ ባለበት ምንም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እጄን ይዘው የኔን አውራ ጣት በራሳቸው ጣት ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት።

«ጭቃ ልብስ ነው ልጄ» አሉኝ። «ዕቃ የሚሸከም እንጨቱ ነው። ሚስማር በጣቴ ላይ ምቺ፣ ሌላ ቦታ አይምቺ።»

«ጣትሽ ላይ ከመታሁ አይደማም?» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንዲት ሚስማር አንስተው በድንጋይ እየመቱ አሳዩኝ። እንጨት ያገኘ ሚስማር ይታገላል፣ በተመታ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ጭቃ ብቻ ያገኘ ግን ድምፅ ሳያሰማ ዘው ብሎ ይገባል። ቀላል ሆኖ ከገባ አውጪው፣ ቀላል የገባ አይይዝም አሉኝ። ጥላና ወንፊት ጭቃውም ይችለዋል፣ ከባድ ነገር ግን እንጨቱን ካላገኘ አንድ ቀን ይወርዳል። ሲያስረዱኝ ጊዜ ነበራቸው፤ ቤታችን ውስጥ ለኔ ጊዜ የነበረው ሌላ ሰው ትዝ አይለኝም።

በዚያው መስከረም አንድ የምሥራች ነግረውኛል። ለደብሩ የሚሠራው ትልቅ አዳራሽ ግድግዳ እሳቸው እንዲመርጉት በቃል ተነግሯቸው ነበር። ቃሉን የሰጡት የአባቴ የሚካኤል ማኅበር ሰብሳቢ፣ እኛ ሙሴ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የአዳራሹም ኮሚቴ አባል ነበሩ። እማማ አየለች ሁለት ሴቶች ጨምረው በጥር ሊጀምሩት አስበዋል፤ ከዚያ በኋላ በር በር እየዞሩ ሥራ መለመናቸው ቀርቶ የከተማው ሰው ራሱ እንደሚጠራቸው እርግጠኛ ነበሩ። «አዳራሹን ሰው ሁሉ ያየዋል» አሉኝ። «ቄስም ያያል፣ ዳኛም ያያል። የአየለች እጅ ነው ይላሉ።» ይህን ሲናገሩ ጭቃ የደረቀበት እጃቸውን እንደ አዲስ ነገር አገላብጠው ያዩት ነበር።

ለመስቀል ሰባት ቀን ሲቀረው ግድግዳው ደረቀ። አክስቴ ነጭ አፈር አስመጥታ ከላይ፣ ቀይ አፈር ደግሞ ከወገብ በታች ቀባችው። ምልክቶቹ ግን በቀለሙ ሥር ይታዩ ነበር፤ ሳሎኑን ዞረው በአንድ መስመር ተሰልፈው። ጎረቤታችን የሆነች፣ ከእኔ አንድ ክፍል የምትበልጥ ልጅ ገብታ አየችና፣ «ግድግዳችሁን ፈንጣጣ ወጋው እንዴ?» አለች። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬም በከተማው አለች፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ትስመኛለች፣ ያለችውን እንደማታስታውሰው እርግጠኛ ነኝ። እኔ ግን ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። የእነሱ ግድግዳ እንቁላል ይመስል ነበር።

እንደወጣች የተረፈውን ነጭ አፈር ከአመድ ጋር በውኃ አቡክቼ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ደፈንኳቸው። በጨርቅ አሻሸሁ፣ ቀለም ደገምኩበት፤ እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነበርኩ፣ ማንም አይለየውም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሲቀሩኝ አክስቴ ከጓዳ ወጣች። እጄን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኗ ተከተለችው። እመታለሁ ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሷ ግን፣ «አሁን ቤት መሰለ» ብላኝ አለፈች። በዚያ ቤት ውስጥ ከተመሰገንኩባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ያ ነው፤ ስለዚህ ቃሏን አልረሳሁም፣ እሷም በኋላ ምልክት አላየሁም ስትል ለምን እንዳቃጠለኝ ከዚህ ይታወቃል።

ጥቅምት ሲያልፍ ሰማዩ ጠራ፣ ኅዳር ገባ። የኅዳር ሚካኤል ጽዋ በዚያ ዓመት የአባቴ ተራ ነበር። አክስቴ ለዚያ ቀን ብላ ከጅማ በጭነት መኪና የዋንዛ መደርደሪያ አስመጣች፤ ሦስት ደርብ፣ ጠርዙ የተቀረጸ፣ ባዶውን እንኳ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው። የማኅበሩ ሳህኖችና ብርጭቆዎች ተራው ለደረሰው ቤት ይሰጡ ስለነበር፣ እንግዶቹ ሲገቡ ከፊት ለፊት ተደርድረው እንዲታዩ ነበር ሐሳቧ። ይዘውት የመጡት ወንዶች መደርደሪያውን ደግፈው ያዙላት፣ እሷ ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ አራት ረጃጅም ሚስማር መታች። እያንዳንዱ በሁለት በሦስት ምት ዘው አለ። በጉልበቷ ተደሰተች። እኔ ከሥር ሚስማር እያቀበልኩ እሰማ ነበር፤ ድምፁ አልቀጠነም፣ አንዴም አልታገለም። የሚቀጥለውን አቀበልኳት።

የማኅበሩ ዕለት ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሰው በላ ጠጣ። ሙሴው የክብር ቦታ ተብሎ በመደርደሪያው ሥር ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ትንሽ አፈር ጋቢያቸው ላይ ጠብ አለ፤ በእጃቸው አራገፉት። ደግሞ ጠብ አለ። አባቴ ስለ አንድ የመሬት ክርክር እያወራ ሳለ ግድግዳው እንደሚያዛጋ ሰው ተከፈተና መደርደሪያው ከነሳህኑ፣ ከነብርጭቆው ወረደ። ጠርዙ የሙሴውን ቅንድብ ሰንጥቆት ደሙ ነጭ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ።  ከዚያ አክስቴ፣ ገና ማንም ሳይጠይቃት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ያቺ አየለች ናት። ከጭቃው ኋላ እንጨት የለም፣ አጭበርብራናለች።»

ቁስላቸው ሲታሰር ሙሴው የተናገሩት ትዝ ይለኛል። እዚህ ቤት የአንድ ሰው ቅንድብ ነው የተሰነጠቀው፣ አዳራሹ ቢሆን ሕዝብ ይጨርስ ነበር አሉ። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ እዚያው አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት እማማ አየለች ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ቀሚሳቸው የታጠበ ነበር፣ ለሥራ እንዳልመጡ ያስታውቃል። አባቴ ደጃፉ ላይ ሊመልሳቸው ቢሞክርም ጫማ እንኳ ሳይኖራቸው እግራቸውን ጠርገው ገቡ። ግድግዳው ፊት ቆመው መዳፋቸውን በግንባራቸው ትክክል አስቀምጠው ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። ምልክታቸውን እየፈለጉ ነበር። ሲያጡት በጣታቸው አንጓ ማንኳኳት ጀመሩ፤ ድምፁ ድፍን ባለበት ሁሉ በጥፍራቸው እየፋቁ ቋሚውን አወጡት። አራቱም ሚስማሮች ከቋሚዎቹ አንድ መዳፍ ርቀው፣ ጭቃውን ብቻ ወግተው ነበር።

«ጋሼ፣ እንጨቱ ይኸው። ሚስማሩ ይኸው» አሉ። «ሚስማሩ ጭቃ ላይ ነው። እኔ በጣቴ ምልክት አድርጌ ነበር።»

አባቴ ወደ አክስቴ ዞረ። አክስቴ ቁልፎቿን እያሻሸች ምልክት የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይታ እንደማታውቅ ተናገረች። እማማ አየለች ያኔ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ «ልጅ ታውቃለች። አሳይቻት ነበር» አሉ። አባቴ ጠራኝ።

«ጽጌ፣ ምልክት አይተሻል?»

እጁ ቀበቶው ላይ አልነበረም። ይህን ደጋግሜ አስታውሼዋለሁ፤ እጁ በር መቃን ላይ ነበር፣ ቁጣም አልነበረበትም፣ ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገው። ጎረቤቶቻችን ደጃፉ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። አክስቴ አላየችኝም፤ ወለሉን ነበር የምታየው።

«አላየሁም» አልኩ።

እማማ አየለች እጃቸውን ከግድግዳው ላይ አነሱ። ይጮኻሉ፣ ይምላሉ፣ እጄን ይዘው ወደ ግድግዳው ይጎትቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ለአባቴ፣ «ልጅ ረስታለች፣ ምንም አይደለም» አሉና፣ ከወለሉ ላይ የፋቁትን አፈር በእጃቸው አፍሰው ወጡ። የበደልኩት ሰው ይቅርታ ሲያፈላልግልኝ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ከዚያ የከበደ ነገር አልተሰቀለብኝም።

በጋው ገባ። አዳራሹን ከጅማ የመጣ ሰው መረገው። እማማ አየለች በዚያ መንገድ ሲያልፉ ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚያልፉት፤ ይህን ያየሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው፣ ስላየኋቸውም መንገድ ቀየርኩ። እንጨቱ መገኘቱን የሚያነሳ አልነበረም፤ ስለ ምልክቱ ዋሸች ተብሎ ከተማው ውስጥ ማንም አልጠራቸውም። በበልግ መጀመሪያ ላይ ቤታቸውን ዘግተው፣ የእህታቸውን ልጅ ተከትለው እዚያው ከፋ ውስጥ ወዳለችው ወደ ዋጫ ከተማ ሄዱ ተባለ። እኛ ቤት የተሰማው የአክስቴ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይሻላታል» አለች፣ ሽንኩርቷንም መክተፏን አላቋረጠችም።

ጎልምሼ አስተማሪ ሆንኩ፣ ዕጣዬም ዋጫ ወጣ። የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ዕቃዬን ሳስቀምጥ ግድግዳው ላይ በግንባሬ ትክክል የአውራ ጣት ጉድጓድ አየሁ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ጥጉ ላይ ሁለት። አከራዬ ዋጫ ውስጥ ከእማማ አየለች በቀር ቤቱን የሚያስመርግ እንደሌለ፣ ወጣት ሴቶችንም እንዳስተማሩ በኩራት ነገረችኝ፤ አርጅተዋል፣ ቤታቸው ከገበያው ማዶ ነው፣ ልውሰድሽ አለችኝ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከበደሌ የተነሳልኝ ነገር ያለ መሰለኝ። ግን ያጡት ቦንጋን ነው፣ ቤታቸውን ነው፣ የባላቸውን መቃብር ነው፤ ዋጫ ላይ መከበራቸው የእሳቸው ጥረት እንጂ የኔ ምሕረት አልነበረም። ለአከራዬ የተማሪ ወረቀት የማርመው አለኝ አልኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ የማርመው ወረቀት ነበረኝ። በሁለተኛው ክረምት ሲሞቱ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ለቅሶ ሄደ፣ እኔ ፈተና ማውጣት አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት እንደሚዘጋ አከራዬ ታውቅ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂዋ አክስቴ ናት እያልኩ ኖርኩ። ምልክቶቹ ሲደፈኑ አይታለች፣ አመስግናኛለች፣ ሚስማሩን የመታች እሷ፣ ስም ያጠፋች እሷ፣ አላየሁም ብላ የጀመረችም እሷ፤ እኔ ልጅ ነበርኩ። ለባሌ እንዲህ ነበር የነገርኩት፣ ለልጄም እንዲሁ። አክስቴ አርጅታ አልጋ ስትይዝ ቦንጋ ተመልሼ ያስታመምኳት ደግነት ይዞኝ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ቀን አፏን ሞልታ በድያለሁ እንድትል እፈልግ ነበር። አንድ የጾም ቀን ከሰዓት በኋላ ሾርባ እያጠጣኋት ሳለሁ ጠየቅኋት። አየለችን ለምን ዋሸሽባት አልኳት።

ማንኪያውን በእጇ መለሰችው። «የት ነው ምልክቱ ብዬ ስጠይቅሽ፣ እዚህ ነው ብለሽ ያሳየሽኝ ማን ነበር?»

ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ለማን ብዬ ዋሸሁ ጽጌ? የኔማ መደርደሪያ ተሰብሮ አልቋል። አባትሽ አንቺ መሆንሽን ቢያውቅ ኖሮ ቆዳሽን ይገፍ ነበር።» አፏን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔ አላየሁም ያልኩት ስላንቺ ነው። አንቺ ስለ ማን አልሽ?»

እስካሁን ያላልኩት ይህን ነው። ያን ቀን አክስቴ ወንበሩ ላይ ከመውጣቷ በፊት፣ ያቺ ሴትዮ ያደረገችው ምልክት የት የት ነበር ብላ ጠይቃኛለች። አላስታውስም፣ ራሴ ደፍኜ አጥፍቼዋለሁ ማለት እችል ነበር። ማንኳኳትም እችል ነበር፣ ተምሬያለሁ። እኔ ግን ያወቅሁ ለመምሰል፣ ዳግመኛ ለመመስገን፣ ጣቴን አንስቼ አራት ቦታ አሳየኋት። አክስቴ የመታችው እኔ ባሳየኋት ቦታ ነው። እማማ አየለችን በሰው ፊት አጭበርባሪ ብላ መጥራቷን ይቅር አልላትም፣ ቆነጠጧንም አልረሳም፤ ነገር ግን እኔን ሸፍናለች፣ ሽፋኑንም ስለብስ ኖሬያለሁ። ሁለተኛ አላነሳነውም። ሾርባውን ጨረሰች።

ባለፈው ሰሞን ከጓዳ ስመለስ ግርማ ጠረጴዛው ላይ መስቀያዎቹን በዓይነት በዓይነት ደርድሮ ጠበቀኝ። ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች መምረጡ ለኔ ተትቶ ነበር። ብሎን የሚገባበት ተራው የፕላስቲክ ፊሸር ለብሎኬት ግድግዳ እንጂ ለጂብሰም እንደማይሆን፣ ቦርዱን ፈረካክሶ እንደሚወጣ ነገረኝ። እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባው ሰፊ ጥርስ ያለው ለፎቶና ለሰዓት ይበቃል። ከገባ በኋላ ከጀርባ ክንፉን የሚዘረጋው ብረት ደግሞ ጠንከር ላለ ዕቃ ነው። ለማድቤቱ ቁም ሣጥን ግን ክንፉንም አላምነውም፣ ብረቱን ፈልገን እዚያ ላይ በብሎን ነው የምናስረው አለ። ትንሽ ማግኔት አውጥቶ ግድግዳው ላይ ሲያስኬደው አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ተጣበቀ፤ በእርሳስ ጭረት አደረገበት።

«ቁም ሣጥኑ ባዶውን አይደለም የሚሰቀለው» አልኩት። «ሳህኑ ሲገባበት የሚከብደውን አስብ። ሁለቱም ጫፍ ብረት ካላገኘ አትስቀለው፤ ወደ ግራ እንገፋዋለን፣ ባያምርም ግድ የለም። ቀልሎ ከገባብህ ደግሞ አውጣው።»

ሳቀ። «እትዬ፣ በሙያው ነበሩ እንዴ? ብዙ ሰው እኮ እንዲያምርለት ነው የሚለፋው፣ እርስዎ የሚጠይቁት ሌላ ነው። ማን አስተማርዎት?»

እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ ድሪሉን አጥፍቶ መልሴን እየጠበቀ ነበር። በከተማው ውስጥ ስንቱ ቤት የሚገባ፣ የነገርኩትን ሁሉ ለስንቱ ሊያወራ የሚችል ሰው ነው። ስማቸውን ብጠራ፣ የዚህ ከተማ መራጊ ነበሩ፣ እጃቸው ትክክል ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብኝም ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ አላየሁም ስል ከኋላዬ አባቴ ነበር፣ አክስቴ ነበረች፣ ደጃፉ ላይ የቆመው ጎረቤት ነበር። ዛሬ ሁለቱም ሞተዋል፣ ጎረቤቱም ተበትኗል፤ ቤቱ ውስጥ ከግርማና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፣ ልጄም የምትመለሰው ከሥራ ስትወጣ ነው።

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» አልኩት።

እሺ አለና ድሪሉን አስነሳ።